ሞተሩ መብት አለው

አባይነህ ፒክአፑን ከሚስቱ ቀጥሎ ይወዳል ሲባል ማሚቴ ትስቅ ነበር። «ቀጥሎ» የምትለዋ ቃል ከየት እንደመጣች እሷ አታውቅም። ሰውዬው ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመኪናዋን ጤና ነው። ኮፈኗን ከፍቶ ዘይቷን ያያል፣ ውኃዋን ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቤት ተመልሶ ለቤተሰቡ «እንዴት አደራችሁ» የሚለው። አይፈረድበትምም። በ1984 ከመሥሪያ ቤቱ «ቅነሳ» የሚል ደብዳቤ ይዞ ከወጣ ወዲህ እሱን፣ ማሚቴንና ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን አጉርሳ የምታሳድር ይህችው ነጭ ፒክአፕ ናት። ከነፋስ ስልክ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭና፣ ፉሪና ለቡ ጎጆ ለሚቀልሱ ሰዎች ታደርሳለች። ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ የኋላ በሯ ላይ ካላት አንዲት ጣት የምታህል ጭረት በቀር እንከን አይወጣላትም ብሎ ይምላል። ጭረቷንም ቀለም ቀብቶ ሸፍኗታል፤ ነገር ግን በሩን በዘጋ ቁጥር አውራ ጣቱ ሄዳ ታገኛታለች።

እንግዲህ ይህች መኪና ናት በግንቦት 1989 አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ፉሪ ዳገት መሐል፣ ቆርቆሮ እንደተሸከመች ጉድ ያደረገችው። መጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር እንደ መዶሻ ያለ ነገር ሦስት ጊዜ አንኳኳ። አባይነህ «ምንድነው እሱ?» ብሎ ሳይጨርስ አንድ ትልቅ ድምፅ ጮኸና ሞተሩ ቀጥ አለ። ወርዶ ጎንበስ ሲል ጥቁር ዘይት በአስፋልቱ ላይ ቁልቁል እየወረደ ነው። ቆሞ አየው። ጠዋት ዘይቷን አይቶ ነበር፤ ሙሉ ነበረች። ውኃዋንም አይቶ ነበር። ምን እንዳጠፋ ግራ ገባው።

ጎትቶ ያወጣው ጓደኛው ወጋየሁ ነው። ወጋየሁና አባይነህ በአንድ መሥሪያ ቤት አብረው ሠርተው፣ በአንድ ቀን ተቀንሰው፣ በአንድ ቀን ሁለት ነጫጭ ፒክአፖች ከአንድ አስመጪ የገዙ፣ የአንድ የማርያም ጽዋ ማኅበርተኞች ናቸው። መኪኖቹ ከታርጋቸው በቀር አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር የላቸውም። ያን ቀን አንዷ ሌላዋን በገመድ ስትጎትት ያየ መንገደኛ ሁሉ ሳቀ። ከአባይነህ በቀር።

የጎተቷት ወደ ጉርሜሳ ጋራዥ ነው፤ ከቀለም ፋብሪካው ጀርባ። የሁለቱንም መኪና የሚሠራው ጉርሜሳ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል እንደ ብሎን እየቆጠረ የሚያወጣ ሰው። አንድ ልማድ አለው። ማንኛውንም ሞተር ከመፍታቱ በፊት በዘይት የጠቆረ ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን፣ የባለቤቱን ስምና ያየውን ሁሉ ይጽፋል። ሹፌሮቹ «ጉርሜሳ የመኪና ንስሐ አባት ነው፤ ኃጢአቱን ሁሉ መዝግቦ ይዟል» እያሉ ይቀልዱበታል።

ጉርሜሳ ከሥር ተኝቶ አየና ወጣ። የሞተሩ ጎን ላይ ቡጢ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል።

«ቢዬላው ተሰብሮ ግድግዳውን በስቶት ወጥቷል» አለ። ፒስተኑን የሚይዘውን ብረት ማለቱ ነው። «ዘይት አልጎደለም። አንተም አላጠፋህም። ብረቱ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ።»

ከዚያም ግድግዳው ላይ ከለጠፋቸው ወረቀቶች መካከል አንድ የጋዜጣ ቁራጭ አሳየው። አስመጪው ያወጣው ማስታወቂያ ነው። ከቁጥር 58200 እስከ 61880 ያሉት ሞተሮች የፋብሪካ ጉድለት ስለተገኘባቸው ባለንብረቶች እስከ ሰኔ 30 ድረስ መኪናቸውን አቅርበው ያለ ክፍያ በአዲስ እንዲያስቀይሩ ፋብሪካው ጠርቷል ይላል።

«መኪና ይጠራል እንዴ?» አለ ወጋየሁ። «ሰው እንኳን ለሰርግ ሲጠራ ሰበብ ይፈልጋል!»

«አንተም ሊብሬህን እየው» አለው ጉርሜሳ።

«ምን ላድርገው? የኔዋ እንደ ፈረስ ትጋልባለች። ያልታመመ ሐኪም ቤት አይሄድም።»

አባይነህ ግን ሮጦ ሊብሬውን ከመኪናው መሳቢያ አወጣና ጣቱን በሞተሩ ቁጥር ላይ አሳረፈ። 61904። ማስታወቂያውን እንደገና አነበበ። እስከ 61880። ሊብሬውን እንደገና አየ። በሃያ አራት ቁጥር አመለጠችው።

«በሃያ አራት ቁጥር!» አለ። «ሃያ አራት ቁጥር ምን ማለት ነው? ፋብሪካው ጠዋት ክፉ ብረት አቅልጦ ከሰዓት ደህና ብረት አቀለጠ ማለት ነው?»

ጉርሜሳ ሊብሬውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ለማንኛውም መኪናዋን ውሰዳት» አለ። «ወረቀት ብቻ ይዘህ አትሂድ። ሞተሩን እነሱ ራሳቸው ይዩት።»

አባይነህ ያችን መሬት መሬት ማየት ያን ጊዜ ልብ አላላትም። ኋላ ግን ስንቅ ሆነችው።

አስመጪው ቢሮ የምትቀበለው ሴት ንግስት ትባላለች። ፀጉሯ በሥርዓት የተያዘ፣ ድምፅዋን የማታነሳ፣ ለሁሉም ሰው ፋይል ያላት ሴት። አባይነህ መኪናዋን አስጎትቶ ግቢው ውስጥ አቆመና ሊብሬውን አቀረበ። ንግስት ቁጥሩን አየችና ራሷን በሐዘኔታ ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ከጥሪው ውጪ ነው።»

«ልጄ፣ ሞተሩ ግን ጥሪውን ሰምቷል! ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው ነው የፈነዳው። እባክሽ አንድ ሰው ወጥቶ ይየው።»

ቴክኒሻኑ ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ከሞተሩ ጎን የደረቀውን ጭቃና ዘይት በቤንዚን አጠበ፣ ባትሪውን አብርቶ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት አለ። ንግስት ጆሮ ጋ ጎንበስ ብሎ አንድ ቁጥር ነገራት።

«ጋሼ» አለች ንግስት ሊብሬውን እያየች፣ «መኪናው ላይ ያለው ሞተር ቁጥሩ 61872 ነው።»

አባይነህ ለመቁጠር ጊዜ ወሰደ። «እሱማ… እሱማ ከጥሪው ውስጥ ነው!»

«ነው።»

«ተመስገን! እና ቀይሩልኛ!»

«ግን የእርስዎ ሞተር አይደለም። የእርስዎ ሞተር 61904 ነው።»

«መኪናዬ ውስጥ ያለው ሞተር የኔ ካልሆነ የማን ነው?»

«እሱን እኛ ነን የምንጠይቅዎ» አለች ንግስት፣ በትሕትና። ከዚያም አባይነህ እስከ ዛሬ የሚደግመውን ቃል ተናገረች። «ሞተሩ መብት አለው፤ እርስዎ ግን የለዎትም።»

አባይነህ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ። በሕይወቱ ብዙ ነገር አልገባው ያውቃል፤ ለምን እንደተቀነሰ እንኳን እስከ ዛሬ አልገባውም። እንደዚህ ግን ሆኖ አያውቅም። የፈነዳው ሞተር የእሱ ካልሆነ ያልፈነዳው የእሱ ሞተር የት ነው ያለው? ማንስ ይዞት እየዞረ ነው? ደግሞ የእሱ ያልሆነው ሞተር በመፈንዳቱ ለምን እሱ ይራባል?

ያን ቀን ማታ ለማሚቴ ሊያስረዳት ሞከረ። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ መሐሉ ላይ ጠፋበት። ማሚቴ ሽንኩርቷን መክተፍ አቁማ አየችው።

«እና ሞተሩን ሰው ቀይሮታል ነው የምትለው?»

እሱ እንደዚያ አላለም ነበር። እሷ ስትለው ግን ከአፏ ቀምቶ ወሰደው። ቀይሮታል! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የመኪናዋን ሞተር የፈታ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። በ1987 ሐምሌ ውኃ ስታፈላ ጉርሜሳ ቴስታታዋን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ሊያስተካክል ሦስት ቀን አሳድሯታል። ሦስት ቀን! ያ መሬት መሬት ማየትስ? «ጉርሜሳ ነው!» አለ።

«ጉርሜሳን?» አለች ማሚቴ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ምጥ ይዞኝ፣ እግዜር ይስጠው፣ በዚያ ዝናብ ሆስፒታል ያደረሰን ማን ነው? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር» አለ አባይነህ። በተረት ከተጀመረ እሱም አያንስም።

እስከ ሰኔ አጋማሽ ድረስ አስመጪው ቢሮ ተመላለሰ። መኪናዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ቆርቆሮ የሚያስጭኑት ደንበኞች አንድ በአንድ ሌላ መኪና ይዘዋል። ቤት ውስጥ ያለው ጤፍ ወደ ሥር ወረደ። የቀሩት ቀናት በጣት ይቆጠራሉ፤ ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ጥሪው ተዘጋ፣ ሞተር ደግሞ በእሱ አቅም የሚገዛ ነገር አይደለም። በመጨረሻ ንግስት አሳዘናትና የ61872ን ፋይል አወጣች።

«ማሳየት አልችልም» አለች። «ግን የመኪናው ባለቤት ሌላ ሰው ናቸው። ያውቋቸው እንደሆነ ስማቸውን ልንገርዎት። አቶ ወጋየሁ ይባላሉ።»

አባይነህ ሁለት ጊዜ አስደገማት።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የጠራለት መሰለው። ግራ የተጋባ ሰው አንዴ የጠራለት ከመሰለው አይጣል ነው። ወጋየሁ ጓደኛው ነው፤ ወጋየሁ መፍቻ መጨበጥ እንኳ አያውቅም። የወጋየሁን መኪና የሚሠራው ግን ማን ነው? ጉርሜሳ! የሁለቱንም ሞተር አንድ ጋራዥ ውስጥ የፈታ ሰው ነው የለዋወጠው። ለምን እንደለዋወጠ ግን ሊገባው አልቻለም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ትርፉ ምንድነው? ይህችን ጥያቄ ወደ ጎን ገፋት። ሌባ የሚያደርገውን ራሱ ያውቃል ብሎ።

በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ። እኩለ ቀን ነው። አምስት ስድስት ሹፌሮች በጎማ ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ። ጉርሜሳ እጁን በቤንዚን እየታጠበ ነው፤ ሲያየው ፈገግ አለና «ና ብላ» አለው።

«አልበላም!» አለ አባይነህ። «ከሌባ ጋር አልበላም! የኔን ሞተር የት አደረስከው?»

ሹፌሮቹ ማኘክ አቆሙ።

«የኔን አውጥተህ የወጋየሁን አስገባህልኝ! በሰነድ ተረጋግጧል! ሦስት ቀን ያሳደርካት ለዚህ ነው! ስንት ዓመት እጅህን አምኜ ልጆቼን የምታበላ መኪና ሰጥቼህ…» ድምፁ ተሰባበረ። ተናዶም ነበር፣ ተርቦም ነበር፣ ፈርቶም ነበር።

ጉርሜሳ ቀና አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ወደ መደርደሪያው ሄዶ እጁን ደብተሩ ላይ አሳረፈ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ አያቸውና አፉን መልሶ ገጠመ። እጁንም ከደብተሩ ላይ አነሳ።

«አባይነህ» አለ፣ «ወደ ቤትህ ሂድ።»

«መልስ የለህማ!»

«ወደ ቤትህ ሂድ አልኩህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በሦስት ቀን ውስጥ ወሬው ሳሪስ ደርሶ ተመለሰ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ አንዱ ሹፌር ግማሽ የተፈታ መኪናውን አስጎትቶ ወሰደ። ሌላው የራሱን ሞተር ቁጥር ሊያረጋግጥ መጥቶ፣ ልክ ሆኖ ቢያገኘውም፣ አልተመለሰም። አባይነህ በታክሲ ሲያልፍ የጋራዡ በር ክፍት ሆኖ ውስጡ ባዶ መሆኑን አየ። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። አላለውም።

ወጋየሁ ደግሞ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። «ጉርሜሳ? ጉርሜሳ እንኳን ሞተር ብሎን አይሰርቅም! ና፣ የኔንም ይዘን እንሂድ። ፊት ለፊት ይታይ።»

ሰኔ ሃያ አራት ቀን ሁለቱ ሄዱ። ቴክኒሻኑ የወጋየሁን ኮፈን ከፍቶ ጠራርጎ ቁጥሩን አነበበ። 61904።

«አላልኳችሁም!» አለ አባይነህ። «የኔ ሞተር! ያው! ለዋውጦታል!»

ወጋየሁ ሞተሩን እንደ እንግዳ ሰው አየው። ንግስት ግን ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አድርጋ ታስተያይ ነበር። «እስቲ ሻንሲውንም አንብብልኝ» አለችው ቴክኒሻኑን።

ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር መኪናው ሲሠራ ከሥሩ ብረት ላይ የተመታ ነው። ቴክኒሻኑ ሥር ለሥር ተኝቶ አንዱን አነበበ፣ ወጣ፣ ሌላው ሥር ገባ፣ አነበበ። ሲወጣ ይስቃል።

«ሻንሲውም ተለዋውጧል።»

«ሻንሲውንም ቀየረው?» አለ አባይነህ።

«ጋሼ፣ ሻንሲ ማለት መኪናው ራሱ እኮ ነው። ሻንሲ ከተለዋወጠ ጠቅላላ መኪናው ነው የተለዋወጠው። ይሄን ማንም መካኒክ አይሠራውም። የእርስዎን መኪና እሳቸው፣ የእሳቸውን እርስዎ ነው የምትነዱት። የተቀየረው ታርጋው ብቻ ነው።»

አባይነህ ሁለቱን መኪኖች አየ። ሁለቱም ነጭ። ሁለቱም ዝም። እንዴት ነው ሰው አራት ዓመት ተኩል የሌላ ሰው መኪና ነድቶ የማያውቀው?

ንግስት ከፋይሉ አንድ ቢጫ ወረቀት መዘዘች። «ርክክብ፣ ኅዳር 21 ቀን 1985» ብላ አነበበች። «ተረካቢ፣ አቶ ወጋየሁ። ሞተር ቁጥር 61872። ማሳሰቢያ፣ የኋላ በር ላይ በግራ በኩል ጣት የሚያህል ጭረት አለ። ተረካቢው አይተው ፈርመዋል።»

የአባይነህ አውራ ጣት ከእሱ በፊት ገባት። ሳያስበው በሩ ላይ ሄዳ ጭረቷን አገኘቻት። ወጋየሁን አየው። ወጋየሁም አየው።

ያኔ፣ መኪኖቹን የተረከቡት በ1985 ኅዳር ጽዮን ዕለት ነበር። ሐና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ በራፍ ላይ። መኪኖቹን የአስመጪው ሹፌሮች በጊዜያዊ ታርጋ አምጥተው አቁመዋቸው፣ የራሳቸው ታርጋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በየእጃቸው ነበር። ቄሱ ጸበል ረጩ። ማኅበርተኛው ሁሉ እልል አለ። ወጋየሁ ግን የእሱ መኪና ጭረት ያለባት በመሆኗ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ለመደበቅ ቢሞክርም ያስታውቅበታል። አባይነህ አላስችል አለው። «አይሆንም!» አለ። «በአንድ ቀን የተወለዱ ልጆች አይበላለጡም። ዕጣ ይጣል! ጭረቷ ለደረሰው ትድረሰው።» ወጋየሁ «ተው፣ የኔ ዕድል ነው» ቢልም አልሰማውም። አባይነህ የቤቱን ቁልፍ፣ ወጋየሁ የሸሚዙን ቁልፍ በጥሶ ሰጡ። የማን ምን እንደሆነ የማያውቁ አንዲት እማሆይ ከቅጥሩ ሥር ተጠርተው መጡና በየመኪናው ላይ አንዳንድ አስቀመጡ። የቤቱ ቁልፍ ጭረት ያለባት ላይ አረፈ። አባይነህ ዘሎ ሳማት። «ማርያም የሰጠችኝ!» አለ። ከዚያም መፍቻ ተበድረው እያንዳንዱ የራሱን ታርጋ ዕጣ በወጣለት መኪና ላይ አሠረ። ሊብሬ፣ የሞተር ቁጥር፣ ሻንሲ፣ ያን ቀን ለማን ትዝ ይለዋል? መኪና መኪና ነው። በየዓመቱ ቦሎ ሲያሳድሱም መብራቷና ፍሬኗ ከታየ ሌላ የጠየቃቸው አልነበረም።

ወጋየሁ መሳቅ ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ የመኪናውን ጎን ይዞ፣ በመጨረሻ መሬት ቁጭ ብሎ። ቴክኒሻኑ ሳቀ፤ ንግስት እንኳን ፋይሉን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «በወረቀት እንግዲህ አዲስ ሞተር የሚገባላት የኔ ናት!» አለ ወጋየሁ ዕንባውን እየጠረገ። «አይዞህ፣ አይዞህ። የማርያም ዕጣ በሊብሬ አይሻርም። የት ነው የምፈርመው?»

እሱ በባለቤትነት ፈረመ። ሞተሩ በሦስት ቀን ውስጥ ይገባል ተባለ፤ የሊብሬዎቹን ስም ደግሞ መንገድ ትራንስፖርት ሄደው እንዲያዛውሩ ንግስት አዘዘቻቸው። ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ የአባይነህ ነገር ተቃና።

አባይነህ ግን አልሳቀም። የተወሳሰበው ሁሉ ግልጽ ሆኖለት ሳለ የባሰ ጨነቀው። ስንት ሳምንት ሙሉ «ማን ለወጠው?» ሲል የነበረው ሰው ለዋጩ ራሱ ነበር። በራሱ አፍ፣ ደግ መስሎት፣ በእልልታ። አሁን ጉርሜሳን ምን ይለዋል?

ልጆቹ ጠግበው የሚበሉበት ቀን ቀርቧል፤ ማሚቴም «ተመስገን» ብላለች፤ እሱ ግን ሦስቱን ቀን እህል አልወረደለትም። በአራተኛው ቀን አዲስ ሞተር የገባላትን ፒክአፕ ቤት አቁሞ በእግሩ ሄደ። በሰው ፊት የሰደበውን በሰው ፊት ይቅርታ ልጠይቀው ብሎ ሆን ብሎ የምሳ ሰዓት መረጠ። ሲደርስ ግን በጎማዎቹ ላይ አንድም ሹፌር አልነበረም። ማን እንዳባረራቸው ያውቃል።

ጉርሜሳ ለብቻው ተቀምጦ አንድ አሮጌ ራዲያተር ይበይዳል። ቀና ብሎ አየው፤ «ና ብላ» አላለውም።

አባይነህ ቆሞ ተናገረ። ስለ ጭረቷ፣ ስለ እማሆይ፣ ስለ ቤቱ ቁልፍ። ሲጨርስ «በድዬሃለሁ» አለ። «አላየሁም፣ አላጣራሁም። ይቅር በለኝ።»

ጉርሜሳ መበየጃውን አስቀመጠ። ተነስቶ ደብተሩን አወጣ፣ ወደ ኋላ ገለጠ፣ ገለጠ፣ አንድ ገጽ ላይ ቆመና ለአባይነህ ሰጠው። ሐምሌ 1987። የጉርሜሳ ጽሕፈት። «አባይነህ። ቴስታታ። ሞተር 61872። ሊብሬ 61904።» በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አንድ መስመር ተሰምሯል። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም።

አባይነህ ደጋግሞ አነበበው። «ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የወጋየሁንስ?»

«የወጋየሁን ሞተር ፈትቼው አላውቅም። የሱ ታምሞ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» አለ ጉርሜሳ። «የተሰረቀ ሞተር ነው የገጠምከው ልበልህ? ተቀንሰህ የወጣህ ሰው ነህ። ሁለት ልጆች አሉህ። ቸግሮት ይሆናል አልኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዘጋሁት። ሲፈነዳም የሞተሩ ቁጥር ጥሪው ውስጥ ስለነበር፣ እሱን ብቻ አይተው ይቀይሩልሃል ብዬ ነው ውሰዳት ያልኩህ።»

አባይነህ ደብተሩን ዘጋ። «ያን ቀንስ? ስሰድብህ? እጅህ እኮ ደብተሩ ላይ ነበር።»

«ነበር። ስድስት ሹፌር ተቀምጧል። ባወጣው ሌባው አንተ ትሆናለህ፤ ፖሊስም ይመጣል። ተውኩት። ማታ ግን ተቆጨሁ፤ አልዋሽህም። በማግሥቱም፣ መኪኖቹ ሲሄዱ፣ ባወጣሁት ኖሮ አልኩ።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባ መስለኸኝ አብሬህ ምሳ በላሁ። አንተ አንድ ቀን ሌባ ብመስልህ ሰፈሩን ሰበሰብክብኝ።»

አባይነህ ደብተሩን መደርደሪያው ላይ መለሰው። ማልቀስ ፈለገ፤ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ እንዴት እንደሚያለቅስ አላወቀም።

«ምን ላድርግ?» አለ።

ጉርሜሳ መበየጃውን መልሶ አነሳ። «እኔ ምን አውቃለሁ።»

በማግሥቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነጯ ፒክአፕ ከቀለም ፋብሪካው ጀርባ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያያት ቦታ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቷል። አባይነህ ከጎኗ ቆሟል። ቆርቆሮ የሚያስጭን ደንበኛ ሲጠራው «ከሰዓት እመጣለሁ» ብሎ መለሰው። ብዙ መኪና ሳይቆም አለፈ። ወደ ምሳ ሰዓት ግን አንዱ፣ ያኔ ግማሽ የተፈታ መኪናውን አስጎትቶ የወሰደው ሹፌር፣ ፍጥነቱን ቀነሰና አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አባይ! ደግሞ ምን ሆነችብህ?»

«እሷ ምንም አልሆነችም» አለ አባይነህ። «ውረድና ና። አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ፣ ልንገርህ።»

ከበስተኋላው፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ሲመታ የነበረው መዶሻ ቆመ። አባይነህ ዞሮ አላየም። ሹፌሩ እስኪወርድ ጠበቀና ከኅዳር ጽዮን ዕለት ጀምሮ መናገር ጀመረ።